የኮሌጁን የሚከፍለው አባት ነው፤ የታክስ ክሬዲቱስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከልጄ አባት ጋር በፍርድ ቤት ከተፋታን አምስት ዓመት ሆነን። ልጃችን 19 ዓመቷ ነው፤ በስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዶርም ታድራለች፤ በእረፍትና በበጋ ግን ቤቷ እኔ ጋ ነው። በ2025 የትምህርት ክፍያዋ 11,200 ዶላር ነበር። 7,000ውን ፔል ግራንትና ሌላ እርዳታ ሸፈነላት። ቀሪውን 4,200 አባቷ ከራሱ አካውንት በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ከፈለ። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ፤ በዓመት 46,000 አገኛለሁ። እሱ ትራክ ይነዳል፤ ገቢው ወደ 112,000 ነው። የፍቺ ወረቀታችን «በየዓመቱ ተራ በተራ ክሌም ያደርጓታል» ይላል፤ የ2025 ተራ የሱ ነው። «የከፈልኩት እኔ፣ ክሌም የማደርጋትም እኔ» ብሎ ፎርም 8332 ፈርሚ ብሎ ልኮልኛል። ልፈርም ወይስ ምን ይሻለኛል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ለጊዜው እስክሪብቶውን ያስቀምጡት። የተላከልዎት ፎርም ለ19 ዓመት ልጅ አይሠራም። ይሠራል ብንል እንኳ ለአባቷ የሚያስገኝለት 500 ዶላር ነው፤ እርስዎን የሚያሳጣዎት ግን 3,000 ዶላር ነው። በመሃል 2,500 ዶላር ማንም ሳይበላው ይቀራል።

የአባቷን ብሶት እረዳዋለሁ። 4,200 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ሌሊት ሲነዳ አድሮ ያመጣው ነው። «እኔ ከፍዬ ሪፈንዱን ሌላ ሰው ይወስዳል?» ቢል አይፈረድበትም። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ታክስ ስሠራ ይህንን ንግግር ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። ብዙ ጊዜ የሚናገሩት አባቶች ደረሰኙን ስልካቸው ላይ ከፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው እያሳዩኝ ነው።

ሕጉ ግን የሚያየው የከፈለውን እጅ አይደለም። ተማሪዋን ዲፔንደንት (በእሱ ሥር ያለች ጥገኛ) አድርጎ በታክስ ፎርሙ ላይ ያስመዘገባትን፣ ማለትም ክሌም ያደረጋትን ሰው ነው። አባት በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ሲከፍል፣ ገንዘቡን ለልጁ እንደሰጣትና እሷ እንደከፈለች ይቆጠራል። ልጅቷ ከፈለችው የተባለው ደግሞ ክሌም ያደረጋት ወላጅ እንደከፈለው ይቆጠራል። ስለዚህ ከአባቷ አካውንት የወጣው 4,200 ዶላር በታክስ ዓይን የእርስዎ ክፍያ ሆኖ ያርፋል። አያት ቢከፍሉም፣ አጎት ቢከፍልም፣ ልጅቷ ራሷ ተበድራ ብትከፍልም ያው ነው። ፍርድ ቤት «ክፈል» ብሎ ያዘዘው ቢሆንም አይለወጥም።

እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ «ክሌም የማድረግ መብት የማን ነው?» የሚለው ላይ ያርፋል።

ልጅ ከ24 ዓመት በታች ከሆነ፣ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ በአምስት ወራት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከነበረ፣ ከግማሽ በላይ ወጪውን ራሱ ካልቻለ፣ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አብሮት የኖረ ወላጅ ክሌም ያደርገዋል። ዶርም ማደሯ አያሳስብዎ። ለትምህርት መራቅ ጊዜያዊ መራቅ ነው። ክፍሏ፣ የክረምት ልብሷ፣ ፖስታዋ እርስዎ ቤት ከሆነ፣ ዶርም ያደረችባቸው ሌሊቶች እርስዎ ቤት እንዳደረች ይቆጠራሉ። እንደነገሩኝ ከሆነ መብቱ የእርስዎ ነው።

አሁን ወደ ፎርም 8332 እንምጣ። ፍቺ ያለፈበት ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ፎርም ነው። ሥራው ልጅ አብሮት የሚኖረው ወላጅ የክሌም መብቱን ለሌላው እንዲለቅ ነው። ልጁ ትንሽ እያለ በጣም ጠቃሚ ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ በአንዱ ወይም በሁለቱ ወላጆች አሳዳጊነት ሥር መሆን አለበት። አሳዳጊነት ደግሞ ልጁ በስቴቱ ሕግ አካለ መጠን ሲደርስ ያበቃል። ሜሪላንድ ውስጥ 18 ዓመት ነው። ቨርጂኒያም ዲሲም እንደዚያው። አላባማና ነብራስካ 19፣ ሚሲሲፒ 21 ነው።

ልጅዎ 2025ን ሙሉውን ከ18 በላይ ሆና ነው ያሳለፈችው። ሙሉ ሰው ናት፤ ማንም አሳዳጊዋ አይደለም። ስለዚህ የሚለቀቅ መብት የለም። ቢፈርሙም ወረቀቱ አባቷን ባለመብት አያደርገውም፤ ምክንያቱም ልጅቷ ከሱ ጋር ከግማሽ ዓመት በላይ አልኖረችም። 18 የሚሞሉበት ዓመት ላይ ደግሞ ወሩ ይወስናል። ልደቷ ኦገስት ላይ የሆነች ልጅ በዚያ ዓመት ከግማሽ በላይ በአሳዳጊ ሥር ስለነበረች ፎርሙ ይሠራል። ልደቷ ሜይ ላይ ከሆነ አይሠራም። ይህንን ነጥብ ታክስ የሚሠሩ ሰዎችም ይስቱታል፤ ፎርሙን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ምረቃ ድረስ በየዓመቱ ያስፈርማሉ። እኔም ሥራውን ስጀምር ለሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ አድርጌያለሁ። የደንቡን ምሳሌዎች ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው የገባኝ፤ ከዚያ ደንበኞቼን እየደወልኩ ማስተካከል ነበረብኝ።

«የፍቺ ወረቀታችንስ?» ይሉኛል። ከ2008 በኋላ የተጻፈ የፍቺ ውሳኔ ለአይአርኤስ፣ ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ በፎርም 8332 ቦታ አያገለግልም። ዳኛው «ተራ በተራ» ቢሉም አይአርኤስ የሚያየው የራሱን ሕግ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን ወዲያ አይጣሉት። የስቴቱ ፍርድ ቤት የራሱ ጉልበት አለው። አባቷ «ውሳኔውን ጥሳለች» ብሎ ቢከስዎት፣ በአይአርኤስ በኩል ትክክል ሆነው በፍርድ ቤቱ በኩል ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ በጉልበት ሳይሆን በስምምነት ይሂዱ። ያን የፍቺ ወረቀት የያዘውን ጠበቃ ያነጋግሩ፤ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ አንቀጹን ማስለወጥ ከባድ አይደለም። ለማስማማት ደግሞ ከቁጥር የሚበልጥ ሽማግሌ የላችሁም። ቁጥሩን እናንሳ።

ትልቁ ክሬዲት አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ይባላል። ከመጀመሪያው 2,000 ዶላር ወጪ ሙሉውን፣ ከሚቀጥለው 2,000 ሩቡን ይሰጣል። ማለትም 4,000 ዶላር ወጪ 2,500 ዶላር ክሬዲት ያመጣል። ከዚያ ውስጥ 1,000ው ምንም ታክስ ባይኖርብዎ እንኳ በሪፈንድ መልክ ይመጣል። ግን የገቢ ጣሪያ አለው። ላላገባ ወይም ለፈታ ሰው ከ80,000 ዶላር ጀምሮ ይቀንሳል፤ 90,000 ላይ ዜሮ ይሆናል። አባቷ 112,000 ያገኛል። ስለዚህ ክሌም ቢያደርጋትም ከዚህ ክሬዲት አንድ ሳንቲም አያገኝም። ላይፍታይም ለርኒንግ የሚባለው ሁለተኛው ክሬዲትም ጣሪያው ያው ነው። የሚደርሰው ለሌሎች ዲፔንደንቶች የሚሰጠው 500 ዶላር ብቻ ነው። ትልቁ የልጆች ክሬዲት 17 ሲሞላት ቀርቷል።

እርስዎ ጋ ሲመጣ ሒሳቡ ሌላ ነው። እሷን ይዘው ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ያላገባ የቤተሰብ አስተዳዳሪ) ሆነው ፋይል ያድርጉ። የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽንዎ፣ ማለትም ታክስ ሳይነካው ከገቢዎ የሚቀነሰው፣ 23,625 ዶላር ነው። ከ46,000 ሲቀነስ 22,375 ይቀራል፤ ታክሱ 2,345 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የኦፖርቹኒቲው 1,500 እና የዲፔንደንቱ 500 ይቀነሳል። የቀረብዎ ታክስ 345 ዶላር ሆነ። በዚያ ላይ 1,000 በሪፈንድ ይመጣል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ደግሞ ወደ 700 ዶላር ይጨምርልዎታል፤ ተማሪ ልጅ እስከ 24 ዓመቷ ለዚያ ትቆጠራለች። በአጭሩ ከደሞዝዎ የተቆረጠው ታክስ ሙሉውን ተመልሶ 1,300 ዶላር ያህል ተጨማሪ ይመጣል።

ልጅቷን ጭራሽ ከፎርምዎ ቢያወጧትስ? ሲንግል ሆነው 15,750 ብቻ ይቀነስልዎታል፤ ታክሱ ወደ 3,390 ይወጣል። ልዩነቱ ከ4,700 ዶላር በላይ ነው። ይህንን የምለው ብዙ እናቶች «ተራው የሱ ነው» ሲባሉ ልጁን ከነሄድ ኦፍ ሃውስሆልዱ አሳልፈው ስለሚሰጡ ነው። ልጁ ገና ትንሽ ሆኖ ፎርም 8332 በሚሠራበት ዘመን እንኳ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድና ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ከፎርሙ ጋር አይሄዱም። ልጁ የሚያድርበት ቤት ይቀራሉ። እንዲህ ዓይነቱን ገንዘብ ለዓመታት ሳታውቅ የለቀቀች እናት ፊቴ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ይህንን ሒሳብ ለአባቷ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩት። በእሱ በኩል 500፣ በእርስዎ በኩል 3,000 እና ከዚያ በላይ። ከዚያ ይደራደሩ። የእኔ ምክር የሚቀጥለውን ሴሚስተር ክፍያ እንዲካፈሉት ነው። ለምሳሌ ሪፈንዱ ሲገባ 1,250 ዶላር በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይክፈሉ፤ አባቷ ያን ያህል ይቀነስለት። ለእሱ በእጅ ከመስጠት ይህ ይሻላል። ገንዘቡ ልጅቷ ላይ ይውላል፤ ሁለታችሁም ደረሰኝ ይኖራችኋል፤ «ሰጥቻለሁ፣ አልተቀበልኩም» የሚባል ነገርም አይመጣም። ስምምነቱን በአጭር ጽሑፍ፣ ቢያንስ በቴክስት፣ ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዩኒቨርሲቲው ፎርም 1098-ቲ ያወጣል። በፖስታ አይጠብቁት። አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷ የተማሪ አካውንቷ ውስጥ ገብታ ነው የምታወርደው። ሳጥን 1 ላይ የተከፈለው ጠቅላላ 11,200 ይኖራል። ሳጥን 5 ላይ ግራንቱ 7,000። ልዩነቱ 4,200 ስለሆነ ሙሉ ክሬዲቱን ለማግኘት የሚፈለገውን 4,000 አልፏል። የመጽሐፍና ለትምህርቱ ግዴታ የሆነ ዕቃ ወጪም ይቆጠራል፤ ከዩኒቨርሲቲው ሱቅ ባይገዛም ችግር የለም። የዶርም፣ የምግብ፣ የኢንሹራንስና የትራንስፖርት ወጪ አይቆጠርም። ይህ ሁሉ ፎርም 8863 ላይ ይሞላል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። ግራንቱ የትምህርት ክፍያውን ሙሉ ለሙሉ የሸፈነላቸው ልጆች አሉ። ወላጆቻቸው «ሳጥን 5 ከሳጥን 1 ይበልጣል፣ ክሬዲት የለም» ተብለው ይመለሳሉ። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ግራንቱ ለኑሮ ወጪም እንዲውል የሚፈቅድ ከሆነ፣ ፔል ግራንት ደግሞ ይፈቅዳል፣ ከእርዳታው 4,000ውን ለዶርምና ለምግብ ዋለ ማለት ይቻላል። ያ 4,000 የልጁ ታክስ የሚታይበት ገቢ ይሆናል። ልጁ ሌላ ብዙ ገቢ ከሌለው ግን ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ ይውጠዋል። በወላጅ በኩል 2,500 ዶላር ይከፈታል። ይህንን የሚሠራው ሰው የልጁንና የወላጁን ፎርም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስላት አለበት።

ለትምህርት የሚቆጠብበት የ529 አካውንት ካላችሁም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለክሬዲቱ የተቆጠረውን 4,000 ዶላር ከ529 በወጣ ገንዘብ ደግሞ መቁጠር አይቻልም። ያን 4,000 ከሌላ ኪስ ይክፈሉ፤ የ529ኙን ለዶርምና ለምግብ ያውሉት።

ክሬዲቱ ለአንድ ተማሪ አራት ዓመት ብቻ ነው። ክሌም ያደረገው እናት ትሁን አባት፣ ቆጠራው የልጁ ነው። የአራት ዓመት ትምህርት ደግሞ ከፎል ጀምሮ እስከ ስፕሪንግ ሲሄድ አምስት የታክስ ዓመት ይነካል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሴሚስተር ላይ ወጪው ትንሽ ከነበረ ያን ዓመት ዘሎ ሙሉ ወጪ ላለበት ዓመት ማቆየት ያዋጣል። የ2024 ፎርምዎን አውጥተው ይዩት። 8863 ውስጡ ከሌለ፣ ከፋይሉ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በማስተካከያው ፎርም፣ በ1040-ኤክስ፣ ማስተካከል ይችላሉ።

ሁለቱም ወላጆች ከ90,000 በላይ ሲያገኙ ሌላ መንገድ አለ። ባለመብቱ ወላጅ ልጁን ክሌም ሳያደርግ ይተወዋል። ያኔ ልጁ በራሱ ፎርም ክሬዲቱን ይወስዳል። በሪፈንድ የሚመጣውን 1,000 አብዛኛው ተማሪ አያገኝም፤ ያለበትን ታክስ ግን ይቀንስለታል። ሠርቶ ታክስ ለሚከፍል ልጅ ይጠቅማል። ለእናንተ ግን አያስፈልጋችሁም።

አሁን ደግሞ ስለ እኛ ሰው አንድ ነገር ልበል። በፍርድ ቤት ሳይሆን በሽማግሌ የተለያዩ ብዙ ባልና ሚስት አሉ። ለአምስትና ስድስት ዓመት የየራሳቸው አፓርትመንት ይዘው ይኖራሉ፤ በወረቀት ግን ባልና ሚስት ናቸው። ለአይአርኤስ እነሱ አልተፋቱም። ለየብቻ ፋይል ካደረጉ «ያገባ፣ ለየብቻ ፋይል የሚያደርግ» ይባላሉ፤ ለዚያ ምድብ የትምህርት ክሬዲት ፈጽሞ አይሰጥም። በዓመቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት ለየብቻ የኖረና ልጁን ከግማሽ ዓመት በላይ ቤቱ ይዞ ከግማሽ በላይ የቤቱን ወጪ የሸፈነ ወላጅ ግን እንዳላገባ ተቆጥሮ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ መሆን ይችላል። ያኔ ክሬዲቱ ይከፈትለታል። ሌላው ወላጅ «ያገባ፣ ለየብቻ» በሚለው ምድብ ይቀራል። ስለዚህ በሽማግሌ ተለያይታችሁ ከሆነ፣ ልጁ ቤቱ ያለው ወላጅ ክሌም ማድረጉ ይበልጥ ግድ ይላል።

አባቷ አልስማማ ብሎ ቀድሞ ፋይል ቢያደርግስ? እርስዎ በኮምፒውተር ሲልኩ ፎርምዎ ተመልሶ ይመጣል፤ «ይህ ዲፔንደንት ተመዝግቧል» ይላል። አይደንግጡ። ከአይአርኤስ የማንነት መጠበቂያ ፒን ያውጡ፤ እሱን አስገብተው መላክ ይችላሉ። ካልሆነ በወረቀት በፖስታ ይላኩ። ከወራት በኋላ ሲፒ87ኤ የሚባል ደብዳቤ ለሁለታችሁም ይመጣል። መልእክቱ «አንዳችሁ ተሳስታችኋል፣ አስተካክሉ» ነው። ማንም ካላስተካከለ ማስረጃ ይጠየቃል። ከአሁኑ አድራሻዋ እርስዎ ቤት መሆኑን የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የሐኪም ቤት ወረቀት፣ የኪራይ ውል ላይ ስሟ ካለ እሱን፣ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ። በማናለብኝነት የትምህርት ክሬዲት የወሰደ ሰው ለ2 ዓመት ይታገዳል፤ ያጭበረበረ ለ10 ዓመት። ይህንን ለአባቷ ሲነግሩት እንደ ማስፈራሪያ ሳይሆን እንዲጠነቀቅ ይንገሩት። ልጃችሁ የሱም ናት፤ ችግር ውስጥ ቢገባ ለማንም አይጠቅምም።

ፋፍሳን ከዚህ ጋር አያምታቱት። የገንዘብ እርዳታው ማመልከቻ የታክሱን ክሌም አይከተልም። ከ2024–25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ለተፋቱ ወላጆች የሚጠየቀው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ገንዘብ ያወጣው ወላጅ ነው። ድሮ የሚታየው ልጁ ይበልጥ የኖረበት ቤት ነበር። ያ ወላጅ ሌላ ካገባ የአዲሱ የትዳር ጓደኛ ገቢም ይገባል። ስለዚህ እርስዎ የሚያወጡትን ኪራይ፣ ምግብ፣ የስልክ፣ የኢንሹራንስ ወጪ ሁሉ ጽፈው ይያዙ። አባቷ የሚከፍለውን ሴሚስተርና የልጅ ማሳደጊያ ከዚህ ጋር ያነጻጽሩ። የእሱ ወጪ በልጦ ከተገኘ 112,000 ገቢው ነው የሚታየው፤ ያኔ ፔል ግራንቷ ይነካል። የሚቀጥለውን ሴሚስተር ተካፍላችሁ እንድትከፍሉ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

የቀረው አስቸኳይ ነገር ልጅቷ ራሷ ናት። ኮሌጅ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ደብልዩ-2፣ የዓመቱ የደሞዝ ወረቀት፣ እጃቸው እንደገባ ስልካቸው ላይ አፕ ከፍተው በ10 ደቂቃ ፋይል ያደርጋሉ። «ሌላ ሰው ዲፔንደንት አድርጎ ክሌም ሊያደርግህ ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ ሳያነቡ ያልፉታል። 200 ዶላር ሪፈንድ አገኘን ብለው ሲደሰቱ የእናታቸው ፎርም ተመልሶ ይመጣል። አስተካክለው እስኪልኩ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። የ2025 ፋይል ማብቂያ ኤፕሪል 15፣ 2026 ነው። ልጅዎ ላይብረሪ ወይም ካፌቴሪያ ውስጥ የምትሠራ ከሆነ ከአባቷ በፊት ለእሷ ይደውሉላት፤ «እናቴ ክሌም ታደርገኛለች በዪ» ይበሏት፤ 1098-ቲውንም እግረ መንገዷን ታውርድልዎት።